እናቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ

የሰፈሩ ሰው «አየር መንገድ ነው የሚሠራው» ይለዋል። እሱ ሁልጊዜ ያርማል፤ «አየር መንገድ አይደለም፣ ኤርፖርት ነው።» «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲሉት «እነሱ ይሄዳሉ፣ እኛ እንቀራለን» ብሎ ያልፋል። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እሱ ግን ከቀለደ ቆይቷል።

ሥራው ሰው መግፋት ነው። በሉ አትደንግጡ፣ በዊልቸር ነው። ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ቢጫ ሰደርያ አልብሶ፣ ሬዲዮ ወገቡ ላይ አሰክቶ፣ መራመድ ያቃተውን፣ መንገድ የሚጠፋበትን፣ አንዳንዴም ሰልፍ የሰለቸውን ብልጥ መንገደኛ ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር ያስገፋዋል። ሬዲዮው ደግሞ ሰው አይልም። «በር አራት፣ አንድ ወንበር» ነው የሚለው። ባልደረቦቹም ስሙን ትተው ገፋው ይሉታል። እናቱ ይህን የሰማች ቀን «ደግ ነዋ! ሰው ሁሉ ሰውን በነጻ ይገፋል፣ የኔ ልጅ እየተከፈለው ይገፋል» ብላ እስኪያስላት ስቃለች።

የዚህ ሥራ አንዱ ነገሩ፣ ፊት አይታይም። ከኋላ ነሃ! የምታየው ማጅራት ነው፣ ሻሽ ነው፣ ኮፍያ ነው፣ የሳሳ ፀጉር ነው። መንገደኛው እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ የምታውቀው በትከሻው ነው። ገፋው መጀመሪያ ሰሞን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ባየ ቁጥር አብሮ ያለቅስ ነበር። አያቷን የምትሸኝ ልጅ መስታወቱ ጋ ቆማ ስትጮህ ያየ ቀን ቤቱ ገብቶም እህል አይወርድለትም። ኋላ አንድ ነባር ሠራተኛ አዘነለትና መከረው። «ወንድሜ፣ ዓይንህን እግር ማሳረፊያው ላይ አድርግ። ፍሬን፣ ቀበቶ፣ እግር። ከዚያ በላይ ቀና ካልክ አለቀልህ» አለው። ምክሩን ሰማ። አይ መስማት! ከዚያ ወዲህ ቀና ማለቱም ጠፋበት።

አፉም እንደዚያው ለመደ። ትልቅ ሴት ሲቀበል «እናቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» ይላል፤ ሽማግሌ ከሆኑ «አባቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ»፤ አውሮፕላኑ በር ላይ ሲያስረክብ «መልካም ጉዞ እናቴ»። ድምፁ ከፍም አይል ዝቅም አይል። መንገደኛው ይወድለታል፤ «እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው!» እያለ ይመርቀዋል። ምርቃቱ ግን የዝናብ ካፖርት ላይ እንደወረደ ውሃ ተንሸራቶ ይሄዳል። ልብ በሉልኝ፣ የገዛ እናቱን እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። እሷ እማዬ ናት። እሷ አንቺ ናት።

እናትና ልጅ የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ የቀረው ሁሉ። ታናሽ እህቱ ባሕር ማዶ ናት። ሁለተኛ ልጇን የወለደች ጊዜ ደወለችና «እማዬን ላክልኝ፣ ብቻዬን አልቻልኩም» አለች። ወረቀቱም ሌላውም ነገር ሁሉ በሷ በኩል አለቀ። እናቱ ያን ቀን ማታ ብርጭቆ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው።

«እንደፈለግሽ።»

«የኔን ፍላጎት አልጠየቅኩህም። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከሄድኩ ደግሞ ተመልሼ የምመጣ እንዳይመስልህ።»

ቅሪ። ሁለት ፊደል ናት። እንድትቀር ደግሞ ይፈልጋል፤ ይህን በደንብ ያውቃል። የሚያውቀው ግን ሰው የቤቱን ቁጥር እንደሚያውቅ ነው፤ የሚሰማው ነገር የለም። አፉን ከፍቶ ሻዩን ጠጣበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? ይህን ተረት ማን እንደተረተው እንጃ እንጂ የስንቱን ቤት አፍርሶታል። ሚስቱም በጊዜዋ እንዲሁ ጠይቃው፣ እንዲሁ «እንደፈለግሽ» ብሏት ነው የሄደችው።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ፈረቃ የምታከፋፍለው አለቃው፣ ኮስታራ ብትሆንም ሆደ ቡቡ ሴት ናት፣ «ፈቃድ ልስጥህ፣ እናትህን ከቤት ጀምረህ ሸኛቸው» አለችው። «አያስፈልግም፣ እዚሁ አገኛታለሁ» አላት። እናቱ ከጎረቤት ጋር በታክሲ መጣች። ዊልቸሩን ያዘዘችላት እህቱ ናት፤ መሐል ላይ አውሮፕላን ስትቀይር እንዳትጠፋ ብላ። እናቱማ ስትሰማ «ዘላለሜን በእግሬ ሄጄ አሁን በወንበር ልነዳ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። የኤርፖርቱ ልጆች ግን ይህን ዓይነቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሲሄድ በዊልቸር ተገፍቶ፣ እዚያ ሲደርስ የልጅ ልጁን አይቶ ብድግ ብሎ የሚሮጠውን «ተአምር የታየለት» ነው የሚሉት።

ሬዲዮው ተንሾካሾከ። «ገፋው፣ መግቢያ ሁለት አንድ ወንበር አለ። እናትህ ናቸው። አንተው ውሰዳቸው፣ ጊዜ አለ፣ ቀስ በል።»

ዊልቸሩን ይዞ ሄደ። ከሩቅ አያት፤ ቡናማ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ጎረቤቷን ተሰናብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሱ ጎንበስ አለ። ፍሬን። ቀበቶ። እግር።

«እናቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ።»

አለው። አፉ አለው። ያ ከፍም ዝቅም የማይለው ድምፅ ነው ያለው።

እሱም የተናገረውን ሰማ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይመልሰዋል? በዚያች ቅጽበት ሳቅ ብሎ «ውይ እማዬ፣ አፌ ለምዶ እኮ ነው» ቢላት አንድ ነገር ነበር። አላለም። ማሳረፊያውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ቀረ። እናቱ ቆይታ እግሯን አነሳች።

«እሺ ጌታዬ» አለች።

መግፋት ጀመረ። ፍተሻውን አለፉ፤ ጫማዋን አውልቃ መልሳ አደረገች። ረጅሙ ኮሪደር ላይ ሲደርሱ እናቱ ወደ ፊት እያየች፣

«እርስዎ እዚህ ብዙ ዓመት ሠሩ?» አለችው።

እየቀለደች ነው ወይስ ተቀይማለች? ፊቷ አይታየውም። የሚታየው ሻሿ ነው፣ ከሻሹ ሥር ያመለጠው ሽበት ነው። ትከሻዋ ደግሞ ምንም አይናገርም።

«ብዙ ነው» አለ።

«ሥራው አይከብድም?»

«ይለመዳል።»

«መቼስ የሰው ልጅ የማይለምደው የለ። እናት አለችዎት?»

የዊልቸሩ አንድ ጎማ ይንጫጫል። እስከ ሊፍቱ ድረስ ሲንጫጫ ሰማው። የደነዘዘ እግር ላይ እንደቆመ ሰው ሆነ፤ እግሩ ያለ ይመስላል፣ ግን አይሰማም።

«አለችኝ» አለ።

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ልትሄድ ነው።»

«ውይ! ምን አሏት ታዲያ?»

«ምንም አላልኳትም።»

ሊፍቱ ተከፈተ። ደንቡ ዊልቸሩን በጀርባ ማስገባት ነው፣ መንገደኛው ፊቱን ወደ በሩ እንዲያደርግ። በጀርባ አስገባት። ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቱ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛ፣ ድምጿ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣

«ቅሪ ቢሏት የማትቀር ይመስልዎታል?» አለችው።

ይኸው፣ ከዚህ በላይ ምን ታድርግለት! ልጇ በልጅነቱ አልወርድ ያለውን መድኃኒት በስኳር ታስውጠው ነበር፤ ዛሬም ቃሉን በ«እርስዎ» ለውሳ እያጎረሰችው ነው። እሱም ገብቶታል። እንዲያውም አሁኑኑ ዊልቸሩን አዙሮ፣ ሻንጣዋን አስወርዶ፣ ታክሲ ይዞ ቤት መግባት እንደሚችል ገብቶታል። መንገደኛ ሐሳቡን ሲቀይር ምን እንደሚደረግ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን መልሷል። አፉን ከፈተ።

«ገፋው፣ ወንበሩ የት ደረሰ?» አለ ሬዲዮው። «መሳፈር ጀምረዋል።»

«ሊፍት ውስጥ ነን፣ እየደረስን ነው» አለ። ይህን ለማለት ምላሱ አልተሳሰረም። እንዴት ቀለለው! እናቱ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ወደ አውሮፕላኑ የሚወስደው ድልድይ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ላይ ዊልቸር በጀርባ ነው የሚወርደው፤ አለዚያ መንገደኛው ወደ ፊት ይደፋል። እሱ ወደ ኋላ እየረገጠ፣ እናቱ ፊቷን ወደ መጣችበት እንዳደረገች ወረዱ። ከላይ የሚወርዱት መንገደኞች ሁሉ ፊት ለፊት አዩዋት፤ እያለቀሰች እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። እሱ አላወቀም።

በሩ ላይ አዞራትና ፍሬኑን ያዘ። ቀበቶውን ሳይፈታላት ራሷ ፈታችው። ድጋፍም ሳትፈልግ ብድግ አለችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ቀና አለ። ፊቷን አየ። ቁጣ የለበትም፣ እሱ ነው የባሰው። ትጠብቃለች።

«እማ...»

«እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ» አለች ሆስተሷ ከውስጥ፣ ከፍም ዝቅም በማይል ድምፅ።

«እሺ ልጄ» አለቻት እናቱ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «በሉ ደህና ይሁኑ። ስለገፉኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«መልካም ጉዞ» አለ። ይህንንም አፉ ነው ያለው።

ገባች። ባዶውን ዊልቸር ይዞ አቀበቱን ወጣ። ምንም አልተሰማውም። አሁን አንድ ነገር ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ ደረቱን እንደ ኪስ ዳበሰ፣ ምንም የለም። ሰው ከናቱ ተለይቶ እንዴት ምንም አይሰማውም? ይህ አስፈራው። ባዶ ዊልቸር ደግሞ ጎማው የባሰ ይንጫጫል። አለቃው ከሩቅ አይታው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

«በር አንድ፣ ከመጡት አንድ ወንበር» አለ ሬዲዮው።

ሄደ። ከመጣው አውሮፕላን በር ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጉልበታቸው አብጧል፤ እሳቸው እንኳ ተአምርም አያስነሳቸው። በዚያ አውሮፕላን ሆስተስ ክንድ ተደግፈው ወንበሩ ላይ እያቃሰቱ ተቀመጡ። ጎንበስ አለ። ፍሬን። ቀበቶ። እግር።

«እማዬ፣ እግርሽን አንሺልኝ።»

ሆስተሷ ክው ብላ አየችው። መንገደኛን፣ ያውም በዕድሜ የገፉትን፣ አንቺ ማለት ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። ሴትየዋ ግን አልተቀየሙም። «አነሳሁ ልጄ፣ አነሳሁ» ብለው ያበጠ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አነሱለት።

ማሳረፊያውን አላወረደውም። ተንበርክኮ ቀረ። የሴትየዋ እግር በአየር ላይ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ከድልድዩ መስታወት ውጭ አንድ አውሮፕላን እየተገፋ ወደ ኋላ ይወጣ ነበር፤ የቱ እንደሆነ ቀና ብሎ አላየም።

«ቅሪ» አለ፣ ለእግር ማሳረፊያው።

«ምን አልከኝ ልጄ?» አሉ ሴትየዋ፣ ጆሯቸውን ወደሱ አዘንብለው።

«ምንም እናቴ» አለ፤ እግራቸውን አሳረፈላቸውና መግፋት ጀመረ።