ጋሽ ልዩነቱና ኬኩ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታይ ስንት ቃል ይወጣዋል? የእንግሊዝኛ አስተማሪው ወዳጄ ዕድሜውን የፈጀው ተመሳሳይ ቃላትን ሲለያይ ነው። «ሁለቱም መስማት ከሆኑ፣ የ‹ሂር› እና የ‹ሊስን› ልዩነቱ ምንድን ነው?» እያለ ሲያፋጥጣቸው ተማሪዎቹ «ጋሽ ልዩነቱ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ጡረታ በወጣ ዕለት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ኬክ ቀረበለት። ላዩ ላይ በቀይ ክሬም «እንኳን ሥራዎን በሰላም ጨረሱ» ተብሎ ተጽፏል። ጋሽ ልዩነቱ ቢላዋውን እንደያዘ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ።

«ምነው ጋሼ፣ ስኳር ፈሩ እንዴ?» አለችው ርዕሰ መምህርቷ፣ የቀድሞ ተማሪው።

«ልጄ፣ እኔ የጨረስኩት ጆቤን ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበትን። ወርክ ግን ማስተማሩ ራሱ ነው። እሱን ማን ጨርስ አለኝ?»

«በአማርኛ ሁለቱም ሥራ አይደሉ እንዴ?»

«ጉዱ እኮ እሱ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አማርኛችን ሳይሻል አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ለእሱ ጆብና ወርክ ሁለት ሆነው አያውቁማ!

«እንግዲያው ያለ ደመወዝ በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ስጡኝ» አለ፣ ኬኩን እየቆረሰ።

ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡለት። ክፍለ ጊዜዋን ግን እስከ ዛሬ የሰጠው የለም።