ሞዴል ተመላሽ የነበርኩበት ክረምት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ፣ ገበሬው ጤፍ ለመዝራት ላይ ታች በሚልበት ሰሞን ነው። እስካሁን ለሰው በሙሉ አውርቼው አላውቅም። ግማሹን እየሳቅሁ አወራዋለሁ፤ ሌላው ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ሁለቱንም ልጻፈው ብዬ ተነሥቻለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ከቢቸና የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። በእንስሳት ጤና ተመርቄ ወደ ወላጆቼ ቤት ስመለስ ስለ አገር ልማት አስቤ እንዳልነበረ ከወዲሁ ልናገር። ባሕር ዳር ሥራ ፈልጌ አጣሁ። አዲስ አበባ የሚያስጠጋኝ ዘመድ አልነበረኝም። ስለዚህ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አጎቴ በገበያው ዳር ያለችውን አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤቱን ለቀቀልኝና ፈቃድ አውጥቼ የከብት ማከሚያና የመድኃኒት መሸጫ ከፈትሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ሰው የሚመጣው ሴት ልጅ ኮርማ በመርፌ ስትወጋ ለማየት ነበር። ከብቱን ግን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው።

ይህን የቀየሩልኝ አያ ሙላት ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው። አንድ ቀን ላማቸው ምጥ ጸንቶባት ሲጨንቃቸው ጠሩኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁና ጥጃውን በሕይወት አወጣሁት። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ለሰማ ላልሰማው ሁሉ አወሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ደጄ ከብት አጥቶ አያውቅም። ምሳ መብላት እስኪያቅተኝ ድረስ ሠራሁ፤ ደስም አለኝ። ከተማ የቀሩ ጓደኞቼ ደውለው ሲያዝኑልኝ በሆዴ እስቅ ነበር።

ደግ ነገር ሲበዛ መንግሥት ይሰማል። በዚያ ዓመት አዲስ ምሩቃን በትውልድ ቀያቸው ሥራ እንዲፈጥሩ የማበረታታት ዘመቻ ነበር። የወረዳው ኃላፊ አቶ ግዛቸው (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ) በእቅዳቸው ላይ «ወደ ቀያቸው የተመለሱ ምሩቃን» የሚል መደብ ነበራቸው። መደቡ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነበር። አንድ ቀን በመስክ ጉብኝት ሲያልፉ መኪናቸውን አስቁመው ወረዱና፣ የጠፋ ልጅ እንዳገኘ ሰው ሁለት እጄን ያዙኝ።

«ዲግሪ አለሽ?»

«አለኝ።»

«የዚህ ቀበሌ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ተመስገን!» አሉ፣ ወደ ሾፌራቸው ዞረው።

በሳምንቱ ነጭ ጋዋን አስለብሰው፣ መርፌ አስይዘው፣ ምንም ያልታመመ በግ ከፊቴ አቁመው ፎቶ አነሡኝ። በጉ ሁለት ጊዜ አምልጦ ተይዟል። ፎቶው በትልቅ ሸራ ታትሞ በማከሚያዬ በር ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ገበሬው ሲጠራት የማትቀር፣ ሞዴል ተመላሽ ምሩቅ» ይላል። ሸራው ከቤቱ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ መድረክ ተጀመረ። መጀመሪያ ቢቸና፣ ቀጥሎ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ ግንደወይን። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይመጣል፤ «በተባለው ሰዓት እንድትገኚ» ይላል። ማከሚያዬን ቆልፌ እሄዳለሁ። ለተሰበሰቡት ምሩቃን ተሞክሮዬን አካፍላለሁ። ንግግሩን የሚጽፉልኝ አቶ ግዛቸው ናቸው። «ቀን ከሌት ከአርሶ አደሩ ጎን ነኝ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ እንድላት ከሥሯ አስምረውባታል። እሳቸው ራሳቸው በዚያን ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ለመዛወር አመልክተው መልስ እየጠበቁ ነበር። «የልጆች ትምህርት ነገር ሆኖብኝ ነው» አሉኝ አንድ ቀን መኪና ውስጥ።

ለምን እምቢ አላልሽም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ በገበያው ዳር የተሠሩ የመሥሪያ ሼዶች ነበሩና አንዱን እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። ሁልጊዜ «ከሚቀጥለው መድረክ በኋላ» ነው የሚሉት። ሁለተኛውን ለመናገር ያሳፍራል፤ ጭብጨባው ጣመኝ። ከበረት ወጥቼ አዳራሽ ስገባ፣ ማይክ ሲሰጠኝ፣ በስሜ ላይ «ሞዴል» የሚል ሲጨመርበት ደስ ይለኝ ነበር። በበሬ ሆድ ላይ ጆሮ ደቅኖ መዋልን የሚያጨበጭብለት የለም።

የሞጣው ስብሰባ የሁለት ቀን ነበር። ጠዋት መኪና ለመያዝ ስወጣ አያ ሙላትን ጥማዳቸውን እየነዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

«ዛሬም ስብሰባ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አያ ሙላት፣ ሞጣ ነው። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።»

«እንግዲህ ይቅናሽ» አሉና በሬዎቻቸውን ነድተው አለፉ።

ሞጣ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የዚያ ዓመት ምሩቃን ናቸው፤ ግማሾቹ ያዳምጣሉ፣ ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ናቸው። መድረክ ላይ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ መንዘር ጀመረ። ድምፁን አጥፍቼዋለሁና ማንም አልሰማውም። ሲያቆም ይጀምራል፣ ሲያቆም ይጀምራል። «ቀን ከሌት ከአርሶ አደሩ ጎን ነኝ» ስል በጎኔ ይነዝረኝ ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ተጨበጨበልኝ።

ከመድረክ ወርጄ ወደ ደጅ ወጣሁና ሳየው አያ ሙላት ናቸው። ዐሥራ አንድ ጊዜ ደውለዋል።

መልሼ ደወልሁ። አንዱ በሬያቸው ማገጥ የሚሉት ሆድ የሚነፋ ቅጠል የበዛበት ለምለም ሣር ግጦ ሆዱ ተነፍቷል። በክረምት ከብት የሚገድለው ይኸው ነው፤ ከተነፋ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ጎኑን በስታ አየሩን የምታስወጣ ባለቱቦ መሣሪያ ግን አለችኝ። ለሚያውቅበት ሰው የደቂቃ ሥራ ናት። አያ ሙላት በሬውን እየጎተቱ ማከሚያዬ ድረስ አምጥተውታል። መሣሪያዋ በተቆለፈው ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች። ቁልፉ ሞጣ፣ ከእኔ ዘንድ ነው።

«የኑግ ዘይት አጠጡት! ፊቱን ወደ ዳገት አዙራችሁ አቁሙት!» እያልሁ ጮህሁ።

«አጠጣነው። ቆሞም ነበር።»

«በሩን ስበሩት! እዚያው ጠረጴዛው ላይ ናት፤ በስልክ እነግራችኋለሁ።»

«ተይው ልጄ፣ አሁን ወደቀ» አሉኝ። «አንች ስብሰባሽን ጨርሽ። አይዞሽ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በኛ አገር በሬ እንዲህ ሲሆን ሳይሞት ታርዶ ጎረቤት ይካፈለዋል፤ የሚዋጣው ገንዘብም ለባለቤቱ መጽናኛ ይሆናል። ጊዜው ግን ጾመ ፍልሰታ ነው። ሥጋ የሚቀምስ አልነበረም። በሬው እንዲሁ ባከነ። የሞተው ደግሞ በደጄ፣ ከዚያ ከግዙፉ ፎቶዬ ሥር ነው።

በዚያ ሰዓት ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ስላልነበረ አዳሬ ሞጣ ሆነ። በማግስቱ የምስክር ወረቀት ሳልቀበል በመጀመሪያው መኪና ተመለስሁ። በሬውን በገመድ ጎትተው ወስደውታል፤ የተጎተተበት ጭቃው ላይ ይታያል። ሸራውን አውርጄ ጠቀለልሁት። ወደ አያ ሙላት ቤት ግን መሄድ አልቻልሁም። ምን ብዬ? እናቴን ላክሁ። የተረፈውን አንዱን በሬ ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር ለማቀናጀት መስማማታቸውን ሰምታ ተመለሰች። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች አጣምረው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ አንዱ ቀን የዚህ፣ አንዱ ቀን የዚያ። በዘር ሰሞን ግማሹ ቀን ሲወሰድበት ገበሬ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ አልነግረውም።

ሰኞ አቶ ግዛቸው ቢቸና ቢሯቸው አስጠሩኝ። ከሞጣ ቀድሜ በመሄዴ ተቀይመዋል። «የምስክር ወረቀቱ ሲሰጥ ስምሽ ተጠርቶ ባዶ ወንበር!» አሉኝ። ቀጥለው ስለሚቀጥለው መድረክ ነገሩኝ፤ በዞን ደረጃ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ሼዱም ከዚያ በኋላ ነው። ከቤቴ ስወጣ «ይብቃኝ» ልላቸው ቆርጬ ነበር። ከፊታቸው ስቀመጥ ግን፣ እውነቱን ልናገርና ዐሥር ደቂቃ ሙሉ በእሽታ ራሴን ነቀነቅሁ።

በሩ ተንኳኳና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት የቀበሌያችን ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው። ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሦስተኛውን ሳይ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። አያ ሙላት ናቸው፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

አቶ ግዛቸው ብድግ አሉ። «አባቶች! ይቀመጡ እንጂ!»

«የመጣንበትን እሽ ሳትሉን አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

አቶ ግዛቸው ፊታቸው በራ። ሕዝቡ ሊያመሰግናቸው ሽማግሌ የላከ መሰላቸው። የኮሙኒኬሽኑን ልጅ ከነካሜራው አስጠሩ። ፎቶው ሲነሣ እኔን መሐል አቆሙኝ። ሽማግሌዎቹ ቻሉት።

«እሽ አባቶች፣ ምን ልታዘዝ?»

«ልጃችንን እንድትመልሱልን ነው» አሉ መሪጌታ።

«የትኛዋን ልጅ?»

«ይችን።»

አቶ ግዛቸው ሳቁ። «እሷማ ተመልሳለች! ሞዴል ተመላሽ እኮ ናት!»

«ተመልሳ ነበር። እናንተ ወሰዳችኋት።» መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ከተማ ሥራ ይዛ ቀርታ ቢሆን ቆርጦልን ሌላ እንፈልግ ነበር። አሁን አለች ብለን ከብት ነድተን ስንመጣ የለችም። ደብረ ወርቅ ናት ይሉናል። ግንደወይን ናት ይሉናል። እባካችሁ መልሱልን።»

አቶ ግዛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥያቄው አግባብነት ያለው መሆኑን፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደሚታይ፣ አቅጣጫም እንደሚቀመጥበት አብራሩ። ሽማግሌዎቹ ቆመው አዳመጡ። ንግግሩ አለቀ፤ አሁንም ቆመዋል። ሻይ ታዘዘ፤ አልነኩትም። በሩ ክፍት ነበርና ሠራተኛው እየመጣ ያይ ጀመር። ሽማግሌ አቁሞ ያስቀረ ሰው ወሬው ከቢቸና እስከ ሞጣ በየደብሩ እንደሚደርስ አቶ ግዛቸው ያውቃሉ፤ የዚሁ አገር ሰው ናቸው።

«እሽ» አሉ በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ አትጠራም።»

«በማንም?»

«በማንም።»

መሪጌታ መርቀው ተቀመጡ። አቶ ግዛቸውም እፎይ ብለው፣ «እንዲያው አባቶች፣ ማኅበረሰቡ ምሁሩን እንዲህ ሲፈልግ ትልቅ ተሞክሮ ነው። በዞኑ መድረክ ላይ ተገኝታችሁ ብታካፍሉልን?» አሉ። መሪጌታ ጃንጥላቸውን አንሥተው እንደገና ቆሙ። አቶ ግዛቸውም «ይቅር፣ ይቅር» እያሉ በሁለት እጃቸው መልሰው አስቀመጧቸው።

ሼዱን አላገኘሁም። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን ከወረዳችን ወደ ቀያቸው የተመለሱት ምሩቃን ሁለት ናቸው ተብሎ መቅረቡን ሰማሁ። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላኛው «በማኅበረሰብ ተሳትፎ የተመለሰ» ይላል። እሱም እኔ ነኝ።

እስከዚህ ያለው የምስቅበት ግማሽ ነው።

ከቢሮው ስንወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀደም ብለው ሄዱ። እኔና አያ ሙላት ኋላ ቀረን። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለ በሬው አንድም ሰው አልተነፈሰም። ኋላ ከመሪጌታ እንደሰማሁት፣ «በሬውን ካነሣችሁ ልጅቱን ያስጠይቃታል» ብለው የከለከሉ አያ ሙላት ናቸው። ያን ቀን ደግሞ በተቀናጁት በሬዎች የማረሱ ተራ የእሳቸው ነበር። ዝናቡ አባርቶ፣ መሬቱ ለዘር ደርሶ ሳለ ተራቸውን አሳልፈው ነው ቢቸና የቆሙልኝ።

ጭቃው ላይ ብዙ ሄድን። በመጨረሻ፣ «አያ ሙላት፣ በሬዎን ገድዬብዎ እንዴት ለእኔ ሽማግሌ ሆኑ?» አልኋቸው።

እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት እያዩ ሄዱ።

«በሬስ ይገዛል፣ ልጄ» አሉኝ። «አንችን ከየት እንገዛሻለን?»

እሳቸው እንግዲህ ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያችን ቀን ሳስባት አንገቴን እደፋለሁ።