የራሳቸውን ካሴት የገዙት ዘፋኝ

በደርግ ጊዜ አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ በነበረ ሙዚቃ ቤት ካሴት እሸጥ ነበር። አንድ ቀን፣ ከተማው ሁሉ ዘፈናቸውን የሚያውቅላቸው አንጋፋ ዘፋኝ ገቡና የራሳቸውን ካሴት ጠየቁኝ። አሳታሚው የሰጣቸውን ቴፑ በልቶባቸው ነው።

«ጋሼ፣ ከእርስዎማ ገንዘብ አልቀበልም» አልኳቸው።

«ተቀበይ ልጄ፤ ሠርቶ ሳይከፈል መቅረት በእኔ ይብቃ» ብለው ሳቁ።

እኔ ካሴቱ በተሸጠ ቁጥር የሚደርሳቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ የተከፈላቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ ብዙ መስሏቸው ደስ እያላቸው ፈርመዋል።

«አሳታሚው አላታለለኝም» አሉ። «ዘፈኑ እንዲህ እንደሚወደድ እሱም አላወቀም፣ እኔም አላወቅኩም። ካወቀ በኋላ ግን ጠርቶ ሊጨምርልኝ ይችል ነበር።»

በዓመቱ አሳታሚው ለአዲስ ካሴት ሲጠራቸው ከእያንዳንዱ ካሴት ድርሻ ጠየቁ። «እንዲህ ያለ ውል የለም» ሲላቸው ትተውት ወጡ፤ ዳግመኛም ካሴት አላወጡም።

ለዚያ ካሴት አዘጋጅተውት የነበረውን ዘፈን የሰማሁት ታቦር ሰፈር፣ የጎረቤቴ ሰርግ ላይ ሲዘፍኑት ነው። ከፊተኛው ይበልጣል። የሰማነው ግን ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ብቻ ነን። እምቢ ማለታቸው ልክ ነበር እላለሁ፤ ሆኖም ዛሬ ላንጎራጉረው ስሞክር የዜማው ግማሽ ይጠፋኛል።