ከገራዶ የመጡት አሥራ ሦስት ዓመታት

የ1975ቱ ክረምት ደሴን ጉም አልብሶ ነው ያከረማት። ጧት በር ሲከፈት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ መንገድ ላይ ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነበር። ኡሙሰልማን ግን ያ ብርድ አልነካትም። ሐምሌ እንደገባ የምትሠራበት ሆስፒታል ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ነበርና ነው፦ ደቡብ የመን፣ ኤደን ሄደው የሚሠሩ ፊዚዮቴራፒስቶች ይፈለጋሉ፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ኮምቦልቻ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ሁለት ቀን ብቻ።

ፊዚዮቴራፒስት የሚለውን ቃል አስተካክሎ የሚጠራ ያኔ ደሴ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰዎች "ወጌሻዋ ሲስተር" ይሏት ነበር፤ እሷም አትቀየምም። ደሴ አጠገብ ባለችው ገራዶ የታወቁት ወጌሻ የአብዱልወሀብ ልጅ ናት እኮ! ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ ወለምታ ሲያሹ እግር ይዛ፣ ስብራት ሲያስሩ የቀርከሃ ስንጥር አቀብላ ነው ያደገችው። በሃያ ዓመቷ ሆስፒታል ተቀጠረች፤ አዲስ አበባ ተልካ ሠልጥና መጣች። ከዚያ ወዲህ ከጦር ሜዳ የመጡትን ቁስለኞች እንደ ሕፃን ዳዴ እያስባለች ታስኬዳለች።

"ኤደን ባሕር አላት አሉ" አለቻት አብራት የምትኖረው ነርስ ፀሐይነሽ፣ ነጭ ጫማዋን እያዋሰቻት። "አንቺ ብቻ ተመዝገቢ፤ እኔ እንደ ጓዝ ተጠቅልዬ እከተልሻለሁ።"

ኡሙሰልማ ፎርሙን በምርጥ የእጅ ጽሕፈቷ ሞልታ የሐረጎን ቁልቁለት በአውቶብስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። አባቷም አውቶብሱ ውስጥ ነበሩ። የምትሄደው ልትመዘገብ እንጂ ልትሳፈር እንዳልሆነ ብትነግራቸውም "ይሁን፤ ልጄን የሚወስዳትን አውሮፕላን ልየው" ብለው አልቀር አሉ።

ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር። መዝጋቢው ጓድ ደምመላሽ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው፤ ፎርሟን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

"ዕድሜ ሃያ ስድስት። የአገልግሎት ዘመን... አሥራ ዘጠኝ?" መነጽሩን አወለቀ። "ጓዲት፣ ሆስፒታሉ በአንቀልባ ነው እንዴ የቀጠረሽ?"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

"ከሰባት ዓመቴ ነው የጀመርኩት። ከአባቴ ጋር።"

"አባትሽ ዶክተር ናቸው?"

"ወጌሻ ናቸው።"

ሳቁ ባሰ። ደምመላሽ ግን ፊቱን አኮሳተረ። "ይኼ የመንግሥት ወረቀት ነው። ወጌሻነት አገልግሎት አይባልም። ሰርዘሽ ስድስት ጻፊና ፈርሚበት፤ እምቢ ካልሽ በሐሰት የተሞላ ብዬ እመልሰዋለሁ። ሌላ ፎርም የለም።"

ስድስቱ ይበቃት ነበር። ብዕሩን አነሳች፤ ግን መልሳ አስቀመጠችው። አባቷን በገዛ እጇ ሐሰተኛ የምትል መሰላት። ወረቀቷን ይዛ እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

አባቷ ጋቢያቸውን አጥፈው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"አባዬ፣ የእርስዎን ዓመት አንቀበልም አሉ" አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። "አሥራ ሦስት ዓመት እግር ስትይዥልኝ አንድ ቀን ፈርሚ ብዬሻለሁ?"

"ኧረ አላሉኝም።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ያስለቅስሻል? አብሽሪ!" ብለው ተነሡ። ጫማቸውን መመዝገቢያው ክፍል በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ እሷም ተከተለቻቸው።

"አሰላሙ አለይኩም። ልጄ ትርፍ ዓመት ይዛ መጥታለች አሉኝ። የእኔ ነው፤ መልሱልኝ፣ ወደ ገራዶ ይዤው እሄዳለሁ። ስድስቱን ለእሷ መዝግቡላት።"

ደምመላሽ ከመቀመጫው ተነሣ። "አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ።"

"አልቀመጥም። አውሮፕላኑ ሳላየው ይሄድብኛል።"

ይኼኔ ደምመላሽም ሳቀ። ኡሙሰልማ አሥራ ዘጠኙ ከሥር እንዲነበብ አድርጋ በአንዲት ቀጭን መስመር ሰረዘችው፤ ስድስት ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ዘለለ።

"ተመዘገብኩ! አባዬ፣ ወላሂ ተመዘገብኩ!" እያለች ደጁ ድረስ ሮጠች፤ ሰልፈኛው ሁሉ አጨበጨበላት፤ አንዷ እልልታውን አቀለጠችው። እንዲያ ያለ ደስታ በዚያ ዘመን ብዙ አይታይም ነበር። ከዚያ አባትና ልጅ የኮምቦልቻው አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ላይ ተለጥፈው ቆሙ።

"ይቺ ናት?" አሉ አባቷ አንገታቸውን ዘመም አድርገው። "ክንፏ ወለምታ አለበት።"

ሳቋን እስክትጨርስ አውሮፕላኑ ተነሣ።

በኅዳር እሷም ሄደች። አባቷ በ1977 ገራዶ ላይ አረፉ፤ ለቀብሩ አልደረሰችም። ከእሷ የመጣው የመጨረሻ ደብዳቤ ለፀሐይነሽ የደረሳት በግንቦት 1981 ነው። ያኔ ኤደንን ለቅቃ፣ ሙከላ በምትባል የየመን የባሕር ዳር ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራ ነበር።