ግራሶ የማይወድ ኩሽኔታ

ኩሽኔታ፣ ያ ጎማ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ የሚገዛው በጆሮ ነው። በግራ እጅ ጣቶች ይያዛል፣ ወደ ጆሮ ይጠጋል፣ ከዚያ በቀኝ እጅ ቸብ ይደረጋል። ደህና ከሆነ ለስለስ ብሎ ይዞራል፤ ካልሆነ በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ይንቀጫቀጫል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አየር ጤና ያለችው የመኪና መለዋወጫ ሱቃችን የእሱ ነበረች፤ አሁን የማስተዳድራት እኔ ሴት ልጁ ነኝ፤ እሱ ግን እስከዛሬ "ሱቄ" ነው የሚላት። ይበል።

ሱቃችን አንድ የማይሻር ሕግ አላት፤ እሱም የአባባ ነው። ኩሽኔታ ያለ ግራሶ አይገባም። የኛ ሰፈር መካኒክ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ግራሶውን፣ ያንን ወፍራም ቅባት፣ መዳፉ ላይ ይከምርና ኩሽኔታውን እየጫነ፣ በወዲያኛው በኩል እስኪወጣ ድረስ ያጠግበዋል። አባባ ደንበኛውን ሁሉ "ግራሶ ያልጠገበ ኩሽኔታ ባለቤቱን መንገድ ላይ ያስቀራል" እያለ ነው የሸኘው። እኔም ያደግኩት ይህን እየሰማሁ ነው፤ በግራሶ አልደራደርም።

አባባ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት መንገድ ከሚሠሩ ፈረንጆች ጋር ሾፌር ነበር። አንዱ ፈረንጅ ሥራው አልቆ ሲሄድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ሰጠው። ዘንጉ ላይ ክር የሚጠቀለልባት ክብ ማጠንጠኛ አለች፤ ውስጧ የምትዞር ትንሽ ከበሮ አለች፤ ዘንጉ ሲወረወር ከበሮዋ ትሽከረከርና ክሩን ትለቃለች። አባባ በዚያ ዘንግ አበደ። እሑድ እሑድ፣ አስኮ ከሚኖረው የድሮ ሾፌር ጓደኛው ጋር ዝዋይ ነው። ይህን ጓደኛውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሐይቁ ዳር ደንገል በቅሎ ውኃውን እንደ አጥር ይጋርደዋል፤ ትልልቆቹ ዓሦች ያሉት ከደንገሉ ወዲያ ነው። አባባ ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ከባድ እርሳስ ደንገሉን አሻግሮ ሲወረውር ጋሼ ሁልጊዜ ያጨበጭቡ ነበር።

አምና አባባን ስትሮክ መታው። አልሐምዱሊላህ፣ አንደበቱ ተረፈ፣ እግሩም ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን ደከመ። ከሁሉ የባሰው አውራ ጣቱ ነው፤ ስሜት የለውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሁን የተቀዳ ሻይ በቀኝ እጁ ይዞ ያወራል፤ ብርጭቆው እያቃጠለው ነው፣ ጣቱ ቀልቷል፣ እሱ ግን ወሬውን ቀጥሏል። ነጠቅኩት። ጣቱን የሰው ዕቃ እንደሚያይ አየው፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ቤቴል ያለው ሐኪም እጁን አታሳርፈው፣ ካሠራኸው ስሜቱ ሊመለስ ይችላል ብሎ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ሰጠው። አባባ ኳሱን መስኮት ላይ አስቀመጠው። ኳስ የልጅ ነው አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ ኳሱ መስኮት ላይ አቧራ ጠጣ።

ከበሽታው በኋላ መጀመሪያ ዝዋይ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። አባባ ወረወረ፤ እርሳሱ ደንገሉ ውስጥ ወደቀ። ደግሞ ወረወረ፤ ደንገሉ ውስጥ። ሁልጊዜ የሚያጨበጭቡት ጋሼ ጎንበስ ብለው መንጠቆውን ከደንገሉ ያላቅቃሉ፤ እሱ ነው የባሰው። ወደ ቤት ስንመለስ አባባ በመኪናው መስኮት እያየ፣

"ዘንጉን አንተ ውሰደው" አላቸው።

ጋሼ ወዲያው እሺ አላሉም። ክረምቱ ይውጣና አንዴ እንሞክር፣ ያኔም ደንገሉን ካላለፈ እወስደዋለሁ ብለው አስማሙት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። አባባን አውቀዋለሁ፤ ያን ዘንግ ከሰጠ እጁንም አብሮ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቢሉት ኳስ ቢሉት አይሰማም፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና በቃ ይቀራል።

በማግስቱ ዘንጉን ሱቅ ወሰድኩት። ለምን እንደወሰድኩት እንኳን አላውቅም፤ ብቻ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ሳየው ጨነቀኝ። ደንበኛ ስላልነበረ ትንሿን ካቻቪቴ አንስቼ የማጠንጠኛዋን ብሎኖች ፈታሁ። ከበሮዋ ወጣች። ግራና ቀኟን ሳይ፣ ወላሂ፣ ብቻዬን ጮህኩ። ኩሽኔታ! ሁለት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ኩሽኔታዎች! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኩሽኔታ ስሸጥ፣ የገዛ አባቴ ዘንግ ውስጥ ኩሽኔታ መኖሩን አላውቅም ነበር። አንዱን ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ቸብ አደረግኩት። ተንቀጫቀጨ። ዝገት በልቶታል፣ አሸዋ ገብቶበታል። ታዲያ የደከመው የአባባ ክንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው! ክንዱን ማደስ አልችልም፤ ኩሽኔታ መቀየር ግን የእንጀራዬ ሥራ ነው።

እንደዚያ ያለ ትንሽ ቁጥር አየር ጤና የለም። ዱባይ ለንግድ የምትመላለስ ጎረቤታችንን አሮጌውን አስይዤ ላክኋት፤ ከቻለች ኳሶቹ ሴራሚክ የሆኑትን፣ ዝገት የማይነካቸውን፣ እንድታመጣ ነገርኳት። የሸክላ ድስት ላምጣልሽ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ስትመለስ ግን አመጣች፤ እንዲያውም ትርፍ ጨምራ። በዚያ ሳምንት ደንበኞቼ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትስቀው ሳይሉኝ አይቀሩም።

አባባን ጠርቼ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች ሱቁ ውስጥ እያየኝ ገጠምኳቸው። በሕጉ መሠረት፣ ግራሶውን መዳፌ ላይ ከምሬ፣ እነዚያን ቁልፍ የሚያካክሉ ኩሽኔታዎች እስኪያስመልሳቸው አጠገብኳቸው። አባባ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ከቤቴል ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄድን፤ በእርሳሱ ፋንታ ክሩ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ የብሎን ዳዶ አሰርኩ። አንዲት መንገደኛ ቆማ ሣር ላይ ምን ታጠምዳላችሁ ብትለኝ ዳዶ አልኳት። አባባ ወረወረ። ዳዶው ትንሽ ሄዶ፣ ደክሞት እንደተቀመጠ ሰው ዱብ አለ። ከአሮጌው የባሰ ነው።

"በቃ ልጄ" አለ፤ ዘንጉን አስይዞኝ ወደ ታክሲው ሄደ።

እኔ ተናደድኩ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በኩሽኔታው፣ በዱባይ፣ በደንገሉ፣ በሁሉም። ሱቅ ተመልሼ የማጠንጠኛዋን ኩሽኔታ አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ቸብ አደረግኩት። ገና ሳይዞር ቆመ። ከትርፎቹ አንዱን ከፕላስቲኩ አወጣሁና ደረቁን ቸብ አደረግኩት። ያ አላህ! ዞረ፣ ዞረ፣ አያቆምም። እንደ ትንኝ እያዜመ ይዞራል። ሁለቱን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ማለቴን እንኳን እጠራጠራለሁ።

ግራሶው ነው ስለው አባባ ተቆጣ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አለኝ። ያለ ግራሶ ኩሽኔታ ይገባል ስለው ስንት ዓመት የኖረበትን ሕግ መናቄ ነው፤ ገባኝ፤ ግን አልተውኩም። ደረቁን ጆሮው ላይ አስጠግቼ አዞርኩለት። ሰማ። ግራሶ የጠገበውንም አዞርኩለት፤ ወዲያው ቆመ። ከዚያ ኩሽኔታውን በግራ እጁ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው።

"ይሄ ምን ይሸከማል?" አለኝ።

"ምንም። ክር ብቻ።"

"ታዲያ ለምን እንደ ጭነት መኪና ቀለብነው?" ብሎ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

ኩሽኔታዎቹን ከግራሶው በቤንዚን አጠብኳቸው፣ አደረቅኳቸው። ሙሉ በሙሉ ደረቅ ከሆነም ይበላሻል አለ አባባ፤ ትንሽ ቀጭን ዘይት ቢያገኝ። ከሱቃችን አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ለስፌት መኪናው የሚጠቀምበትን ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረገልን፤ ለአንዱ አንድ ጠብታ፣ ለሌላው አንድ ጠብታ። ሜዳው ላይ ቀድሜ የወረወርኩት እኔ ነኝ፤ አላስችል ብሎኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩት። ዳዶው በረረ! በረረና ድንገት እንደተያዘ ቀጥ አለ፤ ከበሮዋ ግን መዞሯን አላቆመችም፤ ክሩ ላይዋ ላይ ተፈነቀለና ሳምንት ያልተበጠረ ጸጉር ሆነ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ አባባ፤ እና ሣር ላይ ቁጭ ብለን ክሩን ስንፈታ ዋልን።

እየፈታን ነው የነገረኝ። ከበሮዋ ፈጣን ስትሆን ፍሬኗ አውራ ጣት ነው። ጣትሽን ላይዋ ላይ ቀለል አድርገሽ ታሳርፊያለሽ፣ ክሩ ሲሮጥ ይሰማሻል፣ ዳዶው መሬት ሊነካ ሲል ትጫኛለሽ። አሮጌው ኩሽኔታ ሰነፍ ስለነበር ጣቱን ብዙም አይፈልግም ነበር። ይህን ሲናገር ቀኝ አውራ ጣቱን እያየ ነው። ያኔ ገባኝ። ደስ ብሎኝ፣ ሮጬ፣ ዱባይ ድረስ ልኬ፣ ለአባቴ ያዘጋጀሁለት እሱ የሌለውን ጣት የሚጠይቅ ነገር ነው። አሮጌውን ልመልሰው ወይ አልኩት።

"ተይው" አለኝ። "አንቺ የድርሻሽን ሠርተሻል።"

ከዚያ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ አባባ ዝናብ ሲያባራ ግቢ ውስጥ ነው። ዘንጉን በግራ እጁ ይደግፋል፣ ዳዶውን ወደ አጥሩ ይወረውራል፣ ጣቱን ከበሮዋ ላይ ያሳርፋል። ክሩ ይፈነቀላል፤ ይፈታል፤ ደግሞ ይወረውራል። ኳስ አልጨምቅም ያለ ሰው! ጣቱ ስለማይሰማው በዓይኑ ነበር የሚጫነው፤ ዳዶውን አይቶ። አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፤ አንዴ የጎረቤት ባልዲ መትቶ ይቅርታ ስንጠይቅ አመሸን። እኔ ከሱቅ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ከበሮዋን ነው፤ ክሩ ሥርዓት ይዞ የተጠቀለለ እንደሆነ ቀኑ ደህና ውሏል ማለት ነው። ስሜቱስ ብዬ ስጠይቀው እጁን ወዘወዘብኝ፤ እንዳትጠይቂኝ ማለቱ ነው።

መስከረም ጠባና ዝዋይ ወረድን። ጋሼ መንጠቆውንና እርሳሱን አሰሩለት፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ሦስቴ አጠበቁት። ዘንጉን ለመውረስ የቸኮለ ሰው አይመስሉም። እኔ መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። አባባ ደንገሉን አየ። እንደ ድሮው ትከሻውን አላስጨነቀም፤ ወገቡን ብቻ አዞረና ዘንጉን ለቀቅ አደረገው።

ኩሽኔታዎቹ አዜሙ። ሐይቁ ዳር ቆሜ ሰማኋቸው። እርሳሱ ሄደ፣ ደንገሉ ላይ ደረሰ፣ ደንገሉን አለፈ፣ ከደንገሉ ወዲያ ገላጣው ውኃ ላይ ጠብ ሲል አባባ ጣቱን ጫነ፤ ከበሮዋ ቆመች፤ አንዲት ክር አልተፈነቀለችም። ማሻአላህ ብዬ ጮህኩ፤ ጋሼ አጨበጨቡ። ዞር ስል አባባ ዘንጉን ለግራ እጁ ሰጥቶ ቀኝ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቷል። ደነገጥኩ፤ ሮጥኩ፤ ክሩ ጣቱን ቆርጦት ነው ብዬ።

"ምን ሆንክ አባባ?"

ጣቱን ከአፉ አውጥቶ አሳየኝ። ክሩ የሮጠበት ቀጭን ቀይ መስመር አለበት።

"አቃጠለኝ" አለ። እንደማያምን ሰው ደግሞ አየውና "አቃጠለኝ እኮ" አለ።

ጣቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። እዚህ ጋስ ብዬ ጫን አደረግኩት፤ አዎ አለኝ። እዚህስ? አዎ። ጋሼ ከኋላችን "ዓሣ ይጎትታል፣ ዘንጉን ያዙ እንጂ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ማን ሰምቷቸው። እንባዬ እየወረደ ጣቱን ጫፍ ጫፉን እጫናለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እጫናለሁ።

"ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ" አለኝ አባቴ፤ "ያማል።"