የሠርቶ ማሳያው ድስት

ባለፈው ሳምንት ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ከጋዜጣ ጥቅልል ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል አውጥቶ ይልጥ ጀመር። የሚኒባሱ መስኮት ዝግ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ሴት "ኧረ ወንድሜ፣ መስኮቱን ክፈተውና ብላ!" አለችው። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የተቀቀለ እንቁላል ሲሸተኝ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ የምናደደውም በዚያ ሰው ሳይሆን በራሴ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ፣ የቤተሰብ ኑሮ ማሻሻያ የሚባል ሥልጠና ወስጄ ተቀጠርሁ። ሥራዬ የገጠር ሴቶችን ስለ ንጽሕና፣ ስለ ልጅ አመጋገብና ስለ ቤት ወጪ ማስተማር ነበር። የተመደብሁት በጣና ምዕራብ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር በታንኳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የገበሬ ማኅበር ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አንድ የማስተማሪያ መምሪያ፣ አንድ ጥቅል ሥዕልና አንድ ትንሽ የአሉሚኒየም ድስት ይዤ ሄድሁ። ድስቱ ለሠርቶ ማሳያ የተሰጠኝ ነው። ጆሮው ሥር በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ስረከበውም ሦስት ቦታ ፈርሜያለሁ።

ትምህርቱ የሁለት ወር ነበር። የተጀመረው ሁዳዴ በገባ ማግሥት ነው።

ይህን ያቀደው ሰው ሞኝ አልነበረም። አዝመራው ተሰብስቧል፣ እርሻው ገና ነው፣ ሴቶቹ ትንሽ ፋታ አላቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም የሚነቀፍ ነገር የለውም። ብቻ የመምሪያው የመጀመሪያ ትምህርት "እንቁላልና ወተት ለሕፃናት" ይላል። ሐምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንቁላልም ወተትም ከአፍ በማይገባበት ወቅት፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ከበሮውን በሰቀለበት ሰሞን፣ እኔ ሴቶቹ ከሚሰበሰቡበት የሾላ ዛፍ ሥር ጉልቻ ጎልቼ እንቁላል መስበር ጀመርሁ።

ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ በዳርቻው የበቀለውን የረጠበ ደንገል ሽታ እያመጣ፣ የእኔን ድስት ሽታ ደግሞ አንስቶ ወደ እነሱ ይወስደዋል። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ፣ ቤቷ ያሳረፈችኝ ትልቅ ሴት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ልጄ፣ ሥጋም ይዘሽ ከሆነ አብረሽ አውጪውና አንዴ እንገላገል" አለችኝ።

"ለልጆቹ ነው እኮ እትዬ! ሕፃን አይጾምም!"

"ማን ይጾማል አለሽ?" አለች።

ያን ጊዜ ይህን መልስ እንደ ሙግት ቆጠርሁት። ቆም ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ሦስት ሳምንት ባልባከነ ነበር።

ከፊት የምትቀመጥ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ እናት ነበረች። ሌላ ስላረገዘች ሴት ልጇን ጊዜው ሳይደርስ ጡት አስጥላታለች። ልጅቱ ሁለት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ሳስቶ ቀላ ብሏል፤ ፊቷ ለማያውቅ ሰው የወፈረ ይመስላል። አውራ ጣቴን እግሯ ላይ ጫን አድርጌ ሳነሣው ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። ይህን በሥልጠናው ላይ በሥዕል አይቼዋለሁ፤ የገንቢ ምግብ እጥረት ነው፤ ሲቆይ ይገድላል። እናትየዋ ሽምብራ ያለ በርበሬ ቀቅላ ሞክራ ነበር፤ ልጅቱ ሆዷ እየተነፋ ተፋችው።

"ዶሮ አለሽ?" አልኋት።

"አራት አሉኝ እታለም።"

"ይጥላሉ?"

"ይጥላሉ እንጂ። ለፋሲካ እያጠራቀምሁ ነው።"

"ታዲያ ለልጅቱ ስጫት!"

"ለፋሲካ እሰጣታለሁ።"

"ፋሲካ አትደርስም" አልኋት።

ይህን ያልሁት በሴቶቹ ሁሉ ፊት ነው። እናትየዋ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነቻት፤ ከቃሌ ልትጋርዳት ይመስል። የተናገርሁት እውነት ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ግን እንደዚያ አልናገረውም።

ነገሩ የሃይማኖት ነው ብዬ ደመደምሁና ወደ ቄሱ ሄድሁ። የመንግሥት ሠራተኛ የቄስ ደጅ ስትጠና መታየቷ በዚያ ዘመን ያስጠይቅ ነበር። ቢሆንም ሄድሁ። ቅጽሩ ውስጥ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አባ፣ ሕፃን ይጾማል እንዴ?"

"ሰባት ዓመት ያልሞላውን ማን ጹም አለው ልጄ?"

"እንግዲያው እባክዎ ለሴቶቹ ይንገሩልኝ።"

"ያውቁታል እኮ።"

"ግድ የለም፣ ይንገሩልኝ።"

በመጻጉዕ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩልኝ። ሴቶቹ "ይሁን አባ" እያሉ መስቀል ተሳለሙ። አንዲቷም አልተገረመችም። እኔ ግን ጦርነት ያሸነፍሁ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ለቤት ዞርሁ። ከአንድም ምድጃ አጠገብ የእንቁላል ቅርፊት አላየሁም። የልጅቱ እናት ቤት ስደርስ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ልጅቱ ከመደቡ ላይ ተጋድማለች፤ እብጠቱ ወደ ጉልበቷ ወጥቷል።

"አባ ፈቀዱ፣ መንግሥት ፈቀደ፤ አንቺን ምን ያዘሽ?" ብዬ ጮህሁባት።

"በምን ላብስላት?" አለችኝ።

"በምንቸት ነዋ!"

"በየትኛዋ?"

ቤቱን በዓይኔ ቃኘሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ ስገባ ስወጣ አይቼው የማላውቅ ያህል ነበር። አንዲት ምንቸት ነበረች። ከቅበላው በኋላ በአመድ ታሽታ፣ ለጾም ነጽታ፣ ከምድጃው ጎን ተደፍታለች።

"የባለቤቴም የእኔም ወጥ የሚሠራው በዚችው ነው" አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። "እንቁላል ከበሰለባት እሱ በምን ጾሙን ይፍታ? ረመጥ ውስጥ ቀብሬም ሞከርሁ። እየፈነዳ አመዱን አበላት።"

ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አንቺ የራስሽን የፍስክ ድስት ከከተማ ተሸክመሽ መጥተሽ 'እንዲህ አብስሉ' ትይናለሽ" አለች። "እኛም 'ይቺ ልጅስ ታድላ!' እያልን ወደየቤታችን እንመለሳለን።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ይሄም ይነገራል? እናትሽ የጾሙንም የፍስኩንም በአንድ ዕቃ ነው የምትሠራ?"

አልነበረም። እናቴ ሁለት መደርደሪያ ነበራት፤ ማማሰያው እንኳ ሁለት ነው። የፍስኩን ማንኪያ ከጾሙ ጋር ቀላቅዬ በማጠቤ ስንት ጊዜ ተቆንጥጫለሁ። ሕጉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ዕቃ ብቻ ያለው ቤት ምን ያደርጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በማግሥቱ ማገዶ በጫነ ታንኳ ባሕር ዳር ሄድሁ። የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ እስክሪብቶውን እንደያዘ አዳመጠኝ።

"ትንንሽ ድስቶች ያስፈልጉኛል ጓድ" ብዬ ምክንያቱን ዘረዘርሁ።

"ይህ ሃይማኖታዊ ጉዳይ ነው።"

"የድስት ጉዳይ ነው ጓድ።"

"በፕሮግራማችን ድስት የለም። የትምህርት መርጃ ከሆነ ግን አዲስ ሥዕል መጥቶልናል" አለና ከጀርባው ካለው ቁም ሳጥን አንድ ጥቅል አውጥቶ ሰጠኝ። ታንኳው ላይ ሆኜ ፈታሁት። ለሁለት የተሰነጠቀ የተቀቀለ እንቁላል፣ አስኳሉ እንደ ፀሐይ የደመቀ፣ በነጭ ሳሕን ላይ። ቀዛፊው አይቶት "የሚያምር ነገር ነው፤ ለፋሲካ ነው?" አለኝ። መልሼ ጠቀለልሁት።

እንደ ወረድሁ ከታንኳው በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሯ ቤት ሄጄ ድስቱን አነሣሁ፤ ለእናትየዋም አስታቀፍኋት። ቀዩን ቁጥር ባውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"የመንግሥት አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ቢጠይቁሽስ?"

"እኔ እጠየቃለሁ።"

ብቻዋን አልወስድም አለች፤ ሌላም የከሳ ልጅ ያለው ቤት አለ። ድስቱ ከጾም ዕቃ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደሩም አልተወደደም። እኔ ምን ሊደረግ ነው እያልሁ ስብሰለሰል ሊቀመንበሯ ሴቶቹን ጠርታ "እንደ ጽዋችን በተራ ይዙር" አለች። ነገሩ ውኃ ቀድቶ በመመለስ ጊዜ ውስጥ አለቀ። ድስቱ ከነማማሰያው ሾላው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል፤ ተራዋ የሆነች እናት ታወርደዋለች፤ ከዛፉ ሥር ታበስላለች፤ አጥባ ትሰቅለዋለች። ያበጠችዋ ልጅ ተራ የላትም ተባለ፤ የእሷ በየቀኑ ነው። መሥሪያ ቤቴ በአንድ ዓመት ዕቅድ ሊያደርገው የማይችለውን እነሱ እየተቀላለዱ ጨረሱት። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር ሆና አንዷ ሌላዋን "ነይ እንጂ፣ የመንግሥቱን ድስት አውርጂው!" ስትል ይሰማኛል። ስለዚህ ነገር የሚጻፍበት ክፍት ቦታ በሪፖርት ቅጹ ላይ አልነበረም። ቅጹ የሚጠይቀው የመጡትን ሴቶች ብዛት ብቻ ነው።

ልጅቱ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ትውጣለች፣ ሁለተኛውን ትተፋለች። በደብረ ዘይት ሳምንት ግማሽ እንቁላል መብላት ቻለች። በኒቆዲሞስ ሳምንት እግሯን በአውራ ጣቴ ተጫንሁት፤ ቆዳው ወዲያው ተመለሰ። አላመንሁም፤ ሌላውንም እግር ሞከርሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር በርግጫ መታችኝ።

ከሆሳዕና በኋላ ባሕር ዳር ስመለስ የሠርቶ ማሳያው ድስት የት አለ ተባልሁ። "ታንኳው ሲያጋድል ሐይቅ ውስጥ ገባ" ብዬ ጻፍሁ። ለንብረት ባለመጠንቀቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁት ሌላው ሰው የሚነግረኝን በማጣራት ነው፤ አውቄ የጻፍሁት ሐሰተኛ ሪፖርት ያ ብቻ ነው። አላርመውም።

ከዓመታት በኋላ በጋዜጠኝነት ሥራ ወደዚያ ዳርቻ ሄጄ ነበር። በመንደር ምሥረታው ሰዉ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሰፍሯል፤ ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ታርሷል። የጠየቅኋቸው ሰዎች የተለያየ ነገር ነገሩኝ። ልጅቱ አድጋ የት እንደ ደረሰች የማረጋገጥበት መንገድ አላገኘሁም።

የማረጋግጠው የመጨረሻውን ቀን ነው። ልሰናበታት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ እናትየዋ ቤት ሄድሁ። ፀሐይዋ ወደ ደጃፉ ዞራ ልጅቱ ደፉ ላይ ተቀምጣ በጭቃ ትጫወታለች። እናቷ ሆዷ ገፍቶ እንደ ልብ መጎንበስ አቅቷታል። ስለሚወለደው ልጅ የመጨረሻ ምክሬን ስዘረዝርላት፣ ጡት እስከ መቼ፣ ውኃ እንዴት፣ ፊቴን ታየኛለች።

"እታለም" አለች ስጨርስ። "አንቺንስ ማን ያበላሻል?"

"እኔማ አስተማሪ ነኝ" አልሁ።

"እሱማ ነው። ከመጣሽ ወዲህ ግን ቀሚስሽ ሰፍቶሻል።"

እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። በዚያ መንደር ለማንም አልተናገርሁም፤ ያን ዕለትም አልተናገርሁም። እሷም አልጠየቀችኝም። በአንድ እጇ መደቡን ተደግፋ ተነሣች፤ ከምንቸቷ ሽሮ ጨልፋ እንጀራ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ እጄንም አስታጠበችኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

"ብዪ" አለችኝ። "እስክትጨርሺ አልነሣም።"

እስክጨርስ ጠበቀችኝ።