ባሕር የጠጣ ፍሬ

ቫልዴሊሲ ባሕሩን ተሻግራ አታውቅም። እሷን ብትጠይቋት ግን ስንቴ እንደተሻገረች እንኳ ጠፍቶባታል። ከሰዓት በኋላ የሳን ዡዋኪን ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከደረቀው ሽሪምፕና ከቃሪያው ሽታ መሃል አገጯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ስትከድን ወዲያ ማዶ፣ አፍሪካ ናት። እዚያ እሷን የሚመስሉ ሴቶች በእሷው አቀማመጥ ተቀምጠው ይሸጣሉ። ቀና ብለው «መጣሽ?» ይሏታል። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ደንበኛ ይቀሰቅሳታል።

በሳልቫዶር ከተማ ከአፍሪካ በመርከብ የሚመጣ ሁሉ «የዳርቻ» ነው፤ የዳርቻ ጨርቅ፣ የዳርቻ ሳሙና፣ የዳርቻ ኦቢ። ኦቢ የኮላ ፍሬ ነው፤ «ቅዱሳን» የሚሏቸውን የጥንት አፍሪካ አማልክት የሚጠይቁበት። በተፈጥሮው ባለ አራት ፍልቃቂ የሆነው ብቻ ተፈልቅቆ ነጭ ሳህን ላይ ይጣልና፣ ፍልቃቂው ሆዱን ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲወድቅ መልሱ ይነበባል። ቫልዴሊሲ ንግዱን ከእናቷ ወረሰች። ሌጎስ ያለው ነጋዴ ይልካል፤ እሷ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላ ታኖራለች፤ በየማለዳው እንደ አራስ ልጅ ገለጥ አድርጋ ታየዋለች። የደረቀ ኦቢ ዲዳ ነዋ!

ከጎኗ ቅጠላ ቅጠል የሚሸጠው አጅናልዶ ደግሞ ጓሮው ውስጥ የኮላ ዛፍ አለው። ፍሬው ደቃቃና ጠማማ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ የእኔን ብትሸጪው ምን አለበት?»

«እኔ መደብ ላይ የሚቀመጠው ባሕር የጠጣ ብቻ ነው። ያንተ የማዶውን ቋንቋ በየት አውቆ ይመልሳል?»

«አንቺስ የት ተወለድሽ፣ እቴጌ? መርከብ ላይ?»

ገበያው ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ቃሏን ግን አታጥፍም።

ያን ሰሞን ኦቢ የሚጣልበት የጸሎት ቤት እናት፣ እማማ ኤውኒሲ፣ ለቅዱሳኑ የተሰጠች አዲስ ልጅ ለአደባባይ ሊያወጡ ነበር። ልጅቱ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከሰው ተከልላ ከርማለች። ዓርብ ዕለት ኦቢው «እሺ» ካላለ መውጣት የለም። ቫልዴሊሲ «ከእኔ ነው፣ አያስቡ» ብላቸዋለች። መርከቡ ሲዘገይ ሲዘገይ ሐሙስ ጠዋት የኦቢው ቅርጫት ደረሰ። ክዳኑን አነሳች። ፍሬው ሲያምር! ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጮማ የመሰለ። አንዱን ፈለቀቀችው፤ ሁለት ሆነ። ሌላውንም ፈለቀቀች፤ ሁለት። እስከ ቅርጫቱ ወለል ድረስ ባለ ሁለት ነው።

የሌጎሱ ሰው ክፋት አላሰበም። እነሱ ዘንድ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው፣ የሚታኘከው፣ በዋጋም የሚበልጠው ባለ ሁለቱ ነው። የድሮ ደንበኛዬን ላስደስት ብሎ የተሻለውን መርጦ ላከላት።

አጅናልዶ አንገቱን አስግጎ አየ። አልሳቀም።

«አሁን እያንዳንዱን ደግሞ ለሁለት ብቆርጠው» አለች ቫልዴሊሲ ቀስ ብላ፣ «አራት አይሆንም? ማን ያውቃል?»

«ቢላዋው ያውቃላ።»

ቢላዋውን አንስታ ነበር፤ አስቀመጠችው። ዓይኗን ከደነች። ማዶ ደረሰች፤ ሴቶቹም በየቦታቸው ነበሩ፤ ዛሬ ግን አንዷም ቀና አላለች። በሁለቱ ገበያዎች መካከል ባሕሩ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ዓይኗን ገለጠች።

«ዛፍህ አፍርቷል?»

«አፍርቷል። ቋንቋ ግን አያውቅም።»

«አትቀልድብኝ፣ ወንድሜ። ባለ አራቱን መርጠህ አምጣልኝ።»

በማግስቱ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልላ ወደ ጸሎት ቤቱ ይዛ ሄደች። እንደ ወትሮው አቀብላ ብትቀመጥ የሚጠይቃት አልነበረም። ቅጠሉን የያዘው እጇ ግን አልለቅ አለ።

«እማማ፣ ይሄ የዳርቻ አይደለም። ከአጅናልዶ ጓሮ የተለቀመ ነው። የማዶው ባለ ሁለት ሆኖ መጣብኝ።»

የቤቱ ሴቶች ተንጫጩ። «ስንት ዘመን ስትኮሪብን ኖረሽ!» አለች አንዷ። «የእስከ ዛሬውስ ከየት እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

ያቺ ንግግር ጦር ሆነችባት። የፈራችው እሷኑ ነበር።

እማማ ኤውኒሲ ፍሬውን ተቀብለው አሸተቱት። «እናንተ ምን አንጫጫችሁ? ከእኛ ጋር ይነጋገር እንደሆነ እሱው ይናገር።»

ፈለቀቁት፤ አራት። ውሃ ጠብ አደረጉበት። ጣሉት። ሦስቱ ወዲያው ተቀመጡ፤ አራተኛው የሳህኑን ጠርዝ ይዞ ዞረ፣ ዞረ፤ ቤቱ ሁሉ አብሮት የዞረ መሰለ። ከዚያ ወደቀ። ሁለቱ በሆድ፣ ሁለቱ በጀርባ፤ ከመልስ ሁሉ የጸናው «እሺ»።

እልልታው ቤቱን ሞላው፤ ከበሮው ተመታ። እማማ ኤውኒሲ በግርግሩ መሃል ወደ ቫልዴሊሲ ጎንበስ አሉ።

«ፍሬው ከየት እንደመጣ ነገ ለገበያተኛውም እንዲሁ ትነግሪያለሽ።»

«ግማሹ ደንበኛዬ ጥሎኝ ይሄዳል፣ እማማ።»

«ይሂድ። ነይ አሁን፣ ልጅቱ ልትወጣ ነው፤ መንገድ ልቀቂላት።»